ነፍሰ ጡር ልናመጣ ሄደን ቴፕ ያስቆለፍንበት መንገድ

በሰፈራችን ሱሉልታን የረገጠ ሰው ጥቂት ነው። የሰበታ ሰው ለዕቃ መርካቶ ይገባል፣ ለእህል ተጂ ይሄዳል። ሱሉልታ ግን ከከተማው ማዶ ነውና ሰርግ ወይም ለቅሶ ካልጠራው ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ስለዚህ ከተመለስን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ስደግም ደከመኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም መጻፍ አይከብደኝምና፣ ሁላችሁም በየተራ እንድታነቡት እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት።

ልጄ ትዕግሥት ሱሉልታ እንደተዳረች ታውቃላችሁ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በእኛ ወግ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ክፍሉን አስጠርጌያለሁ፣ የገንፎ እህል አስፈጭቻለሁ፤ የቀረው እሷን ማምጣት ነው። ችግሩ እሷን መኪና አይስማማትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ገና በሩ ሳይዘጋ ፊቷ ይገረጣል፣ ሳንርቅ ታስመልሳለች። አሁን በእርግዝናው ብሶባታል። ባሏ ለሚ የገዛላት አውራ ጣት የምታክል የመዝሙር ማጫወቻ አለቻት። መዝሙሩን ክፍት አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች ደህና ትሆናለች። በጆሮዋ ስትሰካው ግን ጭራሽ ያዞራታል።

«እማዬ፣ መዝሙሩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ከሆነ እመጣለሁ» አለችኝ በስልክ። «ካልሆነ ግን እዚሁ ልውለድ።»

ከኋላዋ አማቷ አዴ ጫልቱ «እሰይ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እዚያ ቤትም የገንፎ እህል ተፈጭቷል ማለት ነው።

የእኛ መኪና አሮጌ ነው። ቴፑ ከሬዲዮና ከካሴት ሌላ አያውቅም። ባለቤቴ ታደሰ መጀመሪያ ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ነገር ገዛ። እሱ በሬዲዮ በኩል ነው የሚያሰማው፤ መዝሙሩ መሃል የኳስ ጨዋታ ይገባበታል። ቀጥሎ ካሴት የሚመስል፣ ገመድ ያለው ነገር አመጣ። ቴፑ ዋጠው፤ በሹካ ነው ያወጣነው። በመጨረሻ «ቡራዩ ዳንኤል አለ፤ ከኋላው በሽቦ ይቀጥልልናል። እግረ መንገዳችንን አሠርተን ሱሉልታ እንወጣለን» አለ።

ዓርብ ጠዋት ተነሣን። እኔ ለመንገድ ስዘጋጅ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሎሚ፣ ፌስታል፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጤና አዳም ጫንኩ። የቤቱን በር ቆልፌ ወጥቼ፣ መቆለፌን ለማየት ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

«ዘነቡ፣ የምንሄደው ሱሉልታ ነው፤ ኬንያ አይደለም» አለ ታደሰ።

በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርገን፣ በኮልፌ በኩል ነው የሄድነው። ገልባጭ መኪና በጎናችን ባለፈ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ ታደሰ «ያንቺ ፍሬን ከእኔ ይሻላል» ይለኛል። ቀስ እንዲል ስለለመንኩት ቀስ አለ። አንድ ባጃጅ ቀደመን፤ ሹፌሩ ምን ሆነው ነው ብሎ ዞሮ እስኪያየን ድረስ።

ቡራዩ ከእኛ ከተማ ጋር አይመሳሰልም። ሰበታ ጠዋት ጠዋት ሰው ወደ ፋብሪካ በር ይጎርፋል፤ ቡራዩ ደግሞ ወደ ታክሲ ሰልፍ። ቤቱ ኮረብታውን እየወጣ ነው፤ አምና ባዶ የነበረው ቦታ ዘንድሮ ፎቅ ቆሞበታል። በየአጥሩ ሥር ብረት ይበየዳል። ብልጭታው ልብሳችን ላይ እንዳይዘል እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ነው ያለፍኩት።

ዳንኤል የወላይታ ልጅ ነው። ድሮ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከታደሰ ጋር ተዋውቀዋል። አሁን ከቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የመኪና ቴፕ ይሠራል። ቴፑን ከዳሽቦርዱ ስቦ አወጣና ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ አሳየኝ።

«ማዘር፣ ይቺ ለሌላ ማጫወቻ ተብላ የተተወች ናት። እዚህ ሽቦ እበይዳለሁ፤ ኦክስ የሚባለውን ማገናኛ ገመድ በሲጋራ መተርኮሻው በኩል አወጣዋለሁ። ከዚያ የልጅሽን ማጫወቻ መሰካት ብቻ ነው።»

«ኤሌክትሪክ አይይዝህም?»

«አይይዝም። ትንሽ ፊውዝ ነቅያለሁ፤ ይበቃል።»

ሽቦ ሊገዛ ሄደ። እኔ ግን አላስቻለኝም። የሰው ልጅ ነው፤ ሚስትም አለችው። አንዲት ትንሽ ፊውዝ ነቅሎ ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው?

«ታደሰ፣ ባትሪውን ንቀለው» አልኩ።

«ይበቃል ብሏል እኮ።»

«ንቀለው ብያለሁ። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን በምን አፋችን ለሚስቱ እንነግራታለን?»

ታደሰ ነቀለው። ዳንኤል ተመልሶ ሥራው ላይ አቀረቀረ፤ ባትሪውን ልብ አላለም። እየዘመረ በየደ፣ ገመዱን አወጣ፣ ቴፑን ቦታው መለሰ። እኔም በዚያ መሃል ታደሰን ጠቅሼ ባትሪውን አስመለስኩ። ሁሉም ነገር አማረ። ቴፑ ሲከፈት ግን አረንጓዴ መብራት በራና አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ዝም አለ።

ዳንኤል ቃሉን አየ። «ፋዘር፣ ባትሪ ነቅላችኋል እንዴ?»

ታደሰ እኔን አየ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

«ይሄ ቴፕ የሌባ መከላከያ አለው» አለ ዳንኤል። «ከባትሪ ከተለየ የተሰረቀ ይመስለዋል። የሚስጥር ቁጥሩን ካልነገሩት አፉን አይከፍትም።»

«እኛው ነን በለዋ» አልኩት።

ዳንኤል እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ነገሩን በደንብ አስረዳን። ቁጥሩ የሚነገረው በአራት ቁልፍ ነው፤ የመጀመሪያውን ይህን ያህል ጊዜ፣ ሁለተኛውን ይህን ያህል ጊዜ እየተባለ ይነካል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ግን ይዘጋል፤ ያኔ ሌላ ቴፕ መፈለግ ነው።

«መኪናውን ማን ሸጠላችሁ?»

ይህን ሲጠይቅ እኔና ታደሰ ተያየን። የሸጡልን የልጄ አማት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ጊዜ ለታደሰ ለቀቁለት። ቁልፉ ያለው እንግዲህ ልጄን ላወጣ ከምሄድበት ቤት ነው።

ይህን ስንነጋገር ዝናብ ወረደ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ። የዳንኤል ሚስት አስቴር «በዚህ ተራራ አትወጡም፤ እዚሁ ታድራላችሁ» ብላ ዕቃዬን ከመኪናው አወጣች። እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ዓርብ ጾመኛ ነኝ። ምን ይቀርብ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ገብቷት ኖሮ «እናቴ፣ ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቅቤ አልነካውም» አለችኝ። የተቀቀለ ቦይናና ጎመን ከዳጣ ጋር አቀረበች። ቦይና ድንች ይመስላል፤ ከድንች ግን ይከብዳል። ዳጣው የእኛን ሚጥሚጣ ልጅ ያስመስለዋል። እነሱ ከማዕድ በፊት ረጅም ጸሎት አላቸው። ታደሰ ይህን ሳያውቅ በዳጣ የነከረውን ጎርሶ ነበር። ማኘክም መዋጥም አፍሮ፣ እንባው እየወረደ እስከ አሜን ድረስ ቆየ። አስቴር በኋላ «ጸሎቱ ነክቶት ነው» ብላ አሾፈችበት። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። እንቢ ብል ማን ሰምቶኝ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። በአስኮ፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ተራራውን ተያያዝነው። አጋማሽ ላይ መኪናው ጋለና ከፊት ለፊቱ እንፋሎት መትፋት ጀመረ። ዳር ይዘን ቆምን። ታደሰ ምንም ሳይናገር ከኋላ ሄዶ ጀሪካኔን አወጣ። እኔም ምንም አልተናገርኩም፤ ኬንያ አለመሆናችንን ብቻ አስታወስኩት።

ሱሉልታ ስንደርስ አየሩ ተለወጠ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ላሙ ብዙ ነው፤ የተከመረው ድርቆሽ ቤት ያህላል። ሰበታ ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል። እዚያ ፀሐይዋ ለዓይን ብቻ ናት፤ ነፋሱ በነጠላ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ልጄ በዚህ ብርድ አራስ ልትሆን ነው እያልኩ ብርድ ልብሴን አቅፌ ወረድኩ።

«አካም ጂርቱ» እያሉ አዴ ጫልቱ ከበር ላይ ተቀበሉኝ። ደጋግመው ሳሙኝ። ትዕግሥት ከኋላቸው ናት፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ሆዷ ቀድሟት ይሄዳል። በደንብ እንደያዟት ፊቷ ይናገራል። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

እዚያ ቤት ሳይበሉ ጉዳይ አይነገርም። በቅቤ የራሰ ጩኮ ቀረበ፤ ከገብስ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጉርሻ ቀኑን ያውላል። ወተት በትልቅ ኩባያ መጣ። እኛ ሰፈር ወተት በብርጭቆ ለሕፃን ነው፤ እዚያ ጨርሰው ከደገሙ በኋላ ነው «ቅመሱ እንጂ» የሚባለው። ለሚ ማዕዘን ላይ ቁጭ ብሏል። በእናቱና በአማቱ መሃል አፉን እንዳይከፍት ማን እንደመከረው አላውቅም፤ ብልህ ልጅ ነው።

በመጨረሻ ታደሰ ነገሩን አወጣው። «ኦቦ ቶሎሳ፣ የቴፑ ሚስጥር ቁጥር ጠፍቶብን ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። «እኔ ቁጥር የማውቅ መሰለህ? በእርግጥ ሁልጊዜ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። እዚህ ሌባ ስላለ ማታ ማታ ባትሪውን ነቅዬ ቤት አስገባው ነበር። ጠዋት ስመልሰው ቴፑ ይጠይቀኛል፤ ጣቴ ይመልስለታል። ለናንተ መናገሩን ረሳሁት።»

ሁላችንም ወደ መኪናው ወጣን። ገብተው ተቀመጡ፣ መሪውን ዳሰሱ፣ ቁልፎቹን ነካኩ። ቴፑ ጢጥ አለና አልከፈትም አለ።

«ቶሎሳ፣ ባታስታውስም አልቀየምህም» አሉ አዴ ጫልቱ በመስኮቱ። «ቴፑ ከተከፈተ ምራቴ መሄዷ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው። ሁለተኛ ሞከሩ። አሁንም አልከፈተም። ጣታቸውን እንደገና ሲያነሡ እጃቸውን ያዝኩ።

«ኦቦ፣ በእግዚአብሔር፣ ይቆየን። አንድ ብቻ ነው የቀረን።»

«እውነትሽን ነው ልጄ። ሰው ከቦኝ ጣቴ አፍሯል» አሉ። ታደሰ በጆሮዬ «ሆን ብለው ይሆን?» አለኝ። ዝም በል አልኩት፤ እኔም ግን ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

ራት ላይ አዴ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ቀልድ ነው የጀመሩት። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እዚሁ ብትወልድ ምን ይጎድልባታል? ወተት አለ። ቅቤ አለ። ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው።»

«ምንም አይጎድልባትም አዴ። ግን የመጀመሪያዋ ነው፤ በእናቷ ቤት ካልሆነ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውን ተዪው» አሉና ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ የወለድኩት ወንድ ብቻ ነው። የወንድ እናት ልጇን ትድራለች፣ ትሸኛለች። ሴት ልጅ የለኝም፤ በቤቴ አንድም አራስ አርሼ አላውቅም። የተዘጋጀሁት ለዚህ ነው እንጂ ልነጥቅሽ አይደለም።»

ከሰበታ ስነሣ እኚህን ሴት ለማሸነፍ ነበር የመጣሁት። እሳቸው ጎርሰው አጎረሱኝ፤ ነገሩ በዚያው አደረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሣሩ ላይ ገና አመዳይ ነበር። አዴ ጫልቱ ላም ሊያልቡ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እጄን አሞቃለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ወተቱን ይጠብቃሉ። ሐሳብ ይዟቸዋል። ከዘራቸው በራሱ ጊዜ ድንጋዩን ይመታል፤ ይመታና ያርፋል፣ ይመታና ያርፋል። አራት ጊዜ አርፎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

የአዴ ጫልቱ እጅ ጡቱ ላይ ቆመ። ከዘራውን አዳመጡ። እኔን አዩኝ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ላሟ ልትረግጣቸው መስሎኝ ደነገጥኩ እንጂ። ማለብ ሊቀጥሉ እንደ ማለት አሉና ተዉት።

«ቶሎሳ» አሉ። «ይሄ ስንት ዓመት ጆሮዬን የበላህበት ኳኳታ ምንድነው?»

«የቱ ኳኳታ?»

«ይሄ በከዘራ የምትመታው። ወንበር ላይ ትመታዋለህ፣ ሳህን ላይ ትመታዋለህ። ተው እያልኩህ ስንት ጊዜ ተጣላን። ሂድና እሱን መኪናው ላይ ምታው።»

ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን አዩት፤ ያንን ሁሉ ዘመን የሌላ ሰው ከዘራ ይዘው እንደኖሩ። ተነሥተው ሄዱ። እኔ በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው በከዘራው አመታት ቁልፎቹን ነካ፤ ነካ አድርጎ አረፈ፣ ነካ አድርጎ አረፈ።

ሬዲዮው ዜና እያነበበ ተከፈተ።

ታደሰ ማጫወቻዋን ከዳንኤል ገመድ ጋር ሰካት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ በቀኙ ድምፅ ማጉያ ብቻ፣ መዝሙሩ መጣ። ትዕግሥት ከቤት እየሮጠች ልትወጣ ስትል እኔና አዴ ጫልቱ በአንድ አፍ «ቀስ በይ» አልናት።

አዴ ጫልቱ የወተቱን ዕቃ እንደያዙ በሩቅ ቆመዋል። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«አዴ፣ ዝም ማለት ይችሉ ነበር።»

«እችል ነበር» አሉ። «እጄ ግን ማለቡን እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው አብረው ይሂዱ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል። እኔ ብቻዬን እርስዎ እንደያዙዋት አልይዛትም።» ይህን ስናገር እውነቴን ነበር።

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ለካ ቅቤው በዕቃ ተደርጎ፣ ጩኮው ተቋጥሮ፣ ዶሮዋ እግሯ ታስሮ ተዘጋጅቷል። ከእኛ ጋር ለትዕግሥት ሊልኩት ያሰናዱት ነው። የቀረው ነጠላቸውን መልበስ ብቻ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ሁላችንንም በደጃፉ ላይ መረቁን፤ መኪናውንም በስሙ ጠርተው መረቁት። ለሚ ከአባቱ ጋር ቀረ።

ከሱሉልታ ስንወርድ ታደሰ ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር የዳንኤል ገመድ እየተነቃነቀ መዝሙሩ ይቋረጣል። መዝሙሩ ሲቋረጥ ትዕግሥት ዓይኗን ትገልጣለች፤ ፊቷ ይገረጣል። እኔ ፌስታል እዘረጋለሁ። ዳንኤል ጋ ጎራ እንበል ብንል እሑድ ነው፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። አዴ ጫልቱ ከኋላ ወንበር እጃቸውን በመሃል ዘርግተው ገመዱን መሰኪያው ላይ በጣታቸው ጫን አሉት። መዝሙሩ ቀጠለ። እንዲሁ እንደያዙት አዲሱ ገበያን አለፍን፣ ኮልፌን አለፍን፣ ዓለም ገና ደረስን። ልቀበልዎ ብላቸው «አይሆንም፤ አንቺ ትጨነቂና ታንቀሳቅሺዋለሽ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ፌስታሉ ባዶውን ሰበታ ገባ። ዶሮዋ ብቻ እግሬ ላይ አስመለሰች።

ልጅቷ በሰላም ተወልዳለች፤ ሴት ናት። አዴ ጫልቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው፤ «እሄዳለሁ» ሲሉ እኔ ነኝ የማልለቃቸው። እኔም አንቱ ማለቱን ትቻለሁ። ዳንኤልም መጥቶ ገመዱን አጥብቆልናል፤ በሁሉም ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ባትሪውን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

የቴፑን ቁጥር ጎረቤቶቼ እንዳትጠይቁኝ። ሌባም ስለሚያነብ እዚህ አልጽፈውም። ደግሞም አላውቀውም። ጫልቱ በመዳፌ ላይ እየመታች ነው ያስተማረችኝ፤ ቁጥሩ ጣቴ ላይ ነው ያለው። ትናንት ትዕግሥት ሕፃኗን ካጠባቻት በኋላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባዋን መታ መታ አደርጋለሁ፤ እመታና አርፋለሁ፣ እመታና አርፋለሁ።

ጫልቱ ከአልጋው ጫፍ አዳምጣ «ዘነቡ፣ ልጅቷን ልትከፍቻት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አራተኛው ላይ ሳርፍ ሕፃኗ አገሳች።